ከፌስታሉ የጎደለው ክኒን
የአንድ ታካሚ የጉዳይ ጥናት ከምሥራቅ ጎጃም

የዐቢይ ጾም ቅበላ እሑድ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ፣ አንድ የ58 ዓመት ገበሬ በባጃጅ ተጭነው ወደምሠራበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደረሱ። ልጃቸውና ሁለት ጎረቤቶቻቸው ደግፈው አስገቧቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፤ ሲጠሯቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ እንጂ ቃል አይመልሱም። የደም ግፊታቸው 70 በ40፣ የልብ ምታቸው በደቂቃ 118 ነበር። ልጃቸው፣ «ደረቴን አለ፤ የደረቱን ክኒን ምላሱ ሥር አደረገ፤ ከዚያ ወደቀ» አለ። ከዚህ በላይ የሚያውቀው አልነበረም።

የተረኛ ቡድኑ የሚገባውን አደረገ። ሰውየውን በጀርባቸው አስተኝተው እግራቸውን ከፍ አደረጉ፤ በደም ሥር ፈሳሽ ሰጡ፤ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ አነሡ። በኢሲጂው ላይ አዲስ የልብ ጉዳት ምልክት አልታየም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግፊቱ 95 በ60 ደረሰ፤ ሲነጋጋ 120 በ75 ሆነ። ካርዳቸው ላይ የተጻፈው «ምክንያቱ ያልተለየ የግፊት መውረድ» የሚል ነበር።

እኔ ክሊኒካል ፋርማሲስት ነኝ። ጠዋት ተኝተው ወደሚታከሙት ክፍል ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ የታካሚዎቹን መድኃኒት አንድ በአንድ ማየት ነው፤ ስለዚህ ቤተሰብ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዞ እንዲመጣ እንጠይቃለን። የእኚህ ሰው ልጅ ይዞ የመጣው ጥቁር ፌስታል ውስጥ አራት ዓይነት መድኃኒት ነበረ፦ ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራምና ኢናላፕሪል 10 ሚሊ ግራም፣ ደም እንዳይረጋ አስፕሪን 81 ሚሊ ግራም፣ ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገው አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት 5 ሚሊ ግራም። ፍሬዎቹን ቆጠርኳቸው። ከካርዱ ጋር ይገጥማሉ። ያልተዋጠልኝም ይኸው ነው። ሰውየው አይሶሶርባይዱን ስምንት ወር ሙሉ፣ ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ሲይዛቸው፣ እያደረጉት ኖረዋል። ራሳቸውን ያዝ ያደርጋቸዋል እንጂ ጥሏቸው አያውቅም። ያን ሌሊት ምን ተለየ?

ሰውየውን ጠየቅኳቸው። «ኧረ ሌላ ምንም አልወሰድሁ። ቅበላ አይደል፣ ትንሽ አረቄ ቀምሻለሁ» አሉኝ። ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል፣ ልጃቸው ራስጌያቸው ቆሞ፣ ጎረቤት እግርጌያቸው ተቀምጦ ነው የጠየቅኳቸው። ያን ጥያቄ እዚያ ቦታ ላይ ማንሣቴ የእኔ ስሕተት ነበር።

ስወጣ ባለቤታቸው በኮሪደሩ ተከተሉኝ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ግራ ቀኝ አዩና፣ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልስጥህ፤ ግን ልጁ እንዳይሰማ» አሉ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ብነግራቸውም መጠሪያው እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ የክኒን ቅጠል አወጡ። አራት ፍሬ የሚይዝ ነው፤ ሁለቱ ጉድጓድ ባዶ ነው። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈው ሲልደናፊል፣ 100 ሚሊ ግራም ይላል። ካርቶን የለውም፤ መመሪያ ወረቀት የለውም። በተለምዶ ቪያግራ የሚባለው፣ ለስንፈተ ወሲብ (የወንድ ብልት አለመቆም) የሚወሰደው ነው።

ከዚያ በኋላ ሰውየውን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ምክር መስጫዋ ትንሽ ክፍል ወሰድኳቸውና በሩን ዘጋሁ። ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ለረጅም ጊዜ አላናገሩኝም። «ጋሼ፣ ይህን የማውቀው እኔና የሚያክምዎት ሐኪም ብቻ እንሆናለን። ነገር ግን ሳላውቅ ብሰጥዎት ሊገድልዎት የሚችል መድኃኒት እዚህ ቤት አለ» አልኳቸው። ያኔ ተናገሩ።

ስንፈተ ወሲቡ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ የድካም መሰላቸው፤ የአጨዳ ሰሞን ነበርና። ቀጥሎ «ታስሬ ነው» ብለው አመኑ። ሁለት ሱባኤ ጠበል ገቡ። ጠበሉ ልባቸውን እንዳሳረፈላቸው ነገሩኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ሥር ማሽ የሰጣቸውን በጥብጠው ጠጡ፤ ሆዳቸውን አሞ አስተኛቸው። በመጨረሻ ገበያ ላይ ያገኙት ሰው ስለ ክኒኑ ነገራቸው። ከአንድ ሱቅ አራቱን ፍሬ ገዙ። ሻጩ የጠየቃቸው ብሩን ብቻ ነው።

የቅበላው ማታ ዶሮውም ጥሬ ሥጋውም ተበላ፤ አረቄው ተጠጣ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አንዱን ፍሬ ዋጡ። አንድ ሰዓት ጠበቁ፤ ምንም የለም። «ነገ ሁዳዴ ይገባል፤ ሃምሳ አምስት ቀን ሊያልፍ ነው» ብለው ሁለተኛውን ጨመሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሁለቱም ክኒኖች አብረው ሥራ ጀመሩ። ደረታቸው ያዛቸው። እጃቸው እንደለመደው ወደ አይሶሶርባይዱ ሄደ።

የሲልደናፊል አሠራር ከናይትሬት (አይሶሶርባይዱ ከሚመደብበት የመድኃኒት ዓይነት) አሠራር ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ሳያውቁ የዚህን ሌሊት ነገር መረዳት አይቻልም። ሰውነታችን የደም ሥርን ለማስፋት ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይጠቀማል። ይህን ሥራውን ያገኙት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ጋዙ በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ሌላ መልእክተኛ ንጥረ ነገር ያስነሣል፤ እሱ ጡንቻውን ያላላዋል፤ ደም ይገባል። ሥራው ሲያበቃ አንድ ኢንዛይም መልእክተኛውን ይሰብረውና ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሲልደናፊል ያንን ሰባሪ ኢንዛይም ይከለክለዋል። ናይትሬት ደግሞ ጋዙን ራሱን ከውጭ ይጨምራል።

ለሰውየው የነገርኳቸው በሌላ መንገድ ነው፤ ሽንኩርት በመስኖ ስለሚያለሙ። «አይሶሶርባይዱ ውኃውን ወደ ቦዩ የሚለቀው ሰው ነው። ይሄኛው ደግሞ ቦዩን የሚዘጋውን ሰው እጁን ያስረዋል። ሁለቱን በአንድ ሌሊት ካገናኟቸውስ?» አልኳቸው። «ማሳው ሁሉ ይጥለቀለቃል፤ ለላይኛው መደብ የሚደርስ ውኃ አይኖርም» አሉ። በትክክል ነው። ደሙ በሰፋው የደም ሥር ሁሉ ተበትኖ ለአንጎልና ለልብ የሚበቃ ግፊት ይጠፋል።

ሲልደናፊል በመጀመሪያ የተሠራው ለደረት ሕመም ነበር። በእንግሊዝ አገር ሳንድዊች በምትባል ከተማ የነበሩት የፋይዘር ተመራማሪዎች ለልብ ደም ሥር ብለው ሲሞክሩት፣ በሙከራው የተሳተፉት ወንዶች ሌላ ነገር ተናገሩ። በአሜሪካ ለስንፈተ ወሲብ የተፈቀደው በመጋቢት 1998 እ.ኤ.አ. ነው። በኋላም ለሳንባ የደም ቧንቧ ከፍተኛ ግፊት በሌላ መጠን ተፈቅዷል፤ ለሴቶችም ይታዘዛል። ይህን ለሰውየው የነገርኳቸው ክኒኑ የነውር ዕቃ ሳይሆን እንደ ማንኛውም የልብና የደም ሥር መድኃኒት ተጠይቆና ተመርምሮ የሚወሰድ መሆኑን እንዲያዩልኝ ነው።

ሁለተኛው ፍሬ የተዋጠው በስብ ምክንያት ነው። ሲልደናፊል በባዶ ወይም በቀላል ሆድ ሲወሰድ አንድ ሰዓት አካባቢ ላይ ደም ውስጥ ጫፉ ይደርሳል። በቅባት የበዛ ምግብ ላይ ሲዋጥ ግን አንድ ሰዓት ያህል ይዘገያል። ስለዚህ የፋሲካ፣ የሰርግ ወይም የቅበላ ማዕድ በልቶ «አልሠራም» ብሎ ሁለተኛ መድገም የተለመደ ስሕተት ነው። መድኃኒቱ በ24 ሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ አይወሰድም፤ የአንድ ጊዜ ትልቁ መጠንም 100 ሚሊ ግራም ነው። እኚህ ሰው በአንድ ማታ 200 ወስደዋል፤ ያውም ቅጠሉ የተጻፈበትን እውነት ከያዘ። በእንዲህ ዓይነት ከሱቅ በሚሸጥ ክኒን ውስጥ ያለው ምን ያህል እንደሆነ፣ ከሌላ ነገር ጋር ተደባልቆ እንደሆነም ማረጋገጥ የሚችል የለም።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ከሁሉ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። እኚህ ሰው ለደም ግፊት ስድስት ዓመት ክትትል ላይ ነበሩ። ስንፈተ ወሲቡ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት፣ የደረት ሕመሙ ደግሞ ከስምንት ወር በፊት ነው። ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የወንድ ብልት የደም ቧንቧዎች ስፋት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን የልብ ቧንቧዎች ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ናቸው። ቧንቧ የሚያጠብ በሽታ ሲጀምር ጠባቡ ቀድሞ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ከልብ ሕመም ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ቀድሞ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት በየወሩ መጥተው መድኃኒት ሲወስዱ አንድ ሰው «የቤት ነገርስ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው ኖሮ ልባቸውም ስኳራቸውም ቀደም ብሎ ይታይ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ከማንም ውስጥ እኔ አለሁበት።

እንዲያውም እንዳይናገሩ አድርገናቸዋል እላለሁ። መድኃኒት የምናድለው በመስታወት ላይ በተቆረጠች ቀዳዳ በኩል ነው። ከኋላ ሃያ ሰው ተሰልፏል፤ ጎረቤትም፣ የንስሐ አባትም፣ የልጅ አማችም አለበት። የመድኃኒቱን ስምና አወሳሰዱን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንናገራለን፤ ካልሆነ አይሰማም። አንድ የተከበረ አባወራ በዚያች ቀዳዳ በኩል «ወንድነቴ ከዳኝ» ይላል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ጎጃምን አያውቅም። ሱቁ ግን አይጠይቅም፣ አይጽፍም፣ ድምፁንም አያሰማም። ሰዎችን ወደዚያ የሚወስዳቸው ርካሽነቱ አይደለም፤ የሐኪም ቤቱ ሲልደናፊል ከሱቁ ዋጋ ያነሰ ሆኖ አይቻለሁ። ይህ ጉዳይ ካለፈ በኋላ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለልብ ታካሚዎች መድኃኒቱን በዚያችው ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ በር ዘግቶ መስጠት ጀመርን። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ያስጨምረናል፤ ይገባዋል።

የስኳሩ ነገር በዚያው ሳምንት ወጣ። ጠዋት በባዶ ሆድ የተለካው 186 ሆነ። ሕመምና ድንጋጤ ስኳርን ከፍ ስለሚያደርጉ ሐኪሙ አልቸኮሉም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲደገም 172 ነበር። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከተገኘ የስኳር ሕመም ነው። የስኳር ሕመም ነርቩንም ቧንቧውንም ስለሚጎዳ ለስንፈተ ወሲብ ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ነው። «የታሰርኩት በስኳር ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ በስኳርና በግፊት ነው አልኳቸው። ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ተጀመረላቸው። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ በአንዳንድ ወንዶች ላይ ስንፈቱን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ሐኪሙ አንሥተው በአምሎዲፒን ተኩት፤ አምሎዲፒን ግፊቱንም የደረት ሕመሙንም ይይዛል። ይህን ለውጥ ያደረጉት ሐኪሙ ናቸው። የግፊት መድኃኒታቸው ያመጣባቸው መስሏቸው በራሳቸው ያቆሙና በስትሮክ የመጡ ወንዶች አይቻለሁና ይህን ደግሜ እላለሁ፦ መድኃኒቱ ይቀየራል እንጂ አይተውም።

ሲልደናፊሉን ግን ያን ጊዜ ማንም አልፈቀደላቸውም። ናይትሬት የሚወስድ ሰው ሲልደናፊልም፣ እንደ እሱ የሚሠሩት ታዳላፊልም፣ ቫርዴናፊልም አይወስድም፤ በመጠን ማነስ የሚለሰልስ ክልከላ አይደለም። ባልና ሚስቱን አብሬ አስቀምጬ ይህን ስነግራቸው ሰውየው አንገታቸውን ደፉ። ባለቤታቸው፣ «እኔ እሱን እንጂ ያንን መች ፈለግሁ» አሉ። በዚያች ክፍል ከሰማሁት ሁሉ ይህን አልረሳውም።

በሚያዝያ ወደ ባሕር ዳር ወደ ልብ ስፔሻሊስት ተላኩ። በትሬድሚል ላይ እያራመዱ ልባቸውን መረመሩ። በአምሎዲፒኑና በአስፕሪኑ ላይ ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት ጨመሩላቸው። በሐምሌ ሰውየው ከወንዙ እስከ ቤታቸው ያለውን ዳገት ደረታቸውን ሳይዛቸው ይወጡ ነበር፤ አይሶሶርባይዱንም ለሦስት ወር አልነኩትም። ስፔሻሊስቱ ናይትሬቱን በጽሑፍ አቆሙና ሲልደናፊል 25 ሚሊ ግራም አዘዙ። ያለ ችግር ዳገት የሚወጣ ሰው ልቡ ለሩካቤም ይበቃል ማለት ነው፤ ስፔሻሊስቱም በዚህ መልክ ነው ያስረዷቸው።

ማዘዣውን ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ ያደረግኩት ከፌስታሉ ውስጥ የቀሩትን የአይሶሶርባይድ ፍሬዎች መውሰድ ነው። ቤት ውስጥ ካለ እጅ ይለምደዋል። ከዚያ የተነጋገርነው ረጅም ነው፤ ዋናውን ልጻፍ። ክኒኑ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ከከባድ ምግብ በፊት ይወሰዳል፤ አራት ሰዓት ያህል ይሠራል። ፍላጎት አይፈጥርም፤ መቀራረቡ ከሌለ ክኒኑ ብቻውን ምንም አያደርግም። ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና መሞቅ፣ የአፍንጫ መደፈን፣ ቃር ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንዱ ነገሩን ሁሉ ሰማያዊ አድርጎ ያያል፤ ያልፋል። መቆሙ ከአራት ሰዓት በላይ ከዘለቀ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፤ ማፈር ዘላቂ ጉዳት ያመጣል። ዓይን ወይም ጆሮ በድንገት ከጠፋም እንዲሁ። አምሎዲፒንና ሲልደናፊል ሲገናኙ ግፊቱን በ8 እና በ7 ያህል ተጨማሪ ስለሚያወርዱት ከመኝታ ቀስ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል። አረቄ በዚያ ማታ የለም። ይህን የመጨረሻውን ከሁሉ ያከበዱት እሳቸው ነበሩ፤ ተቀበሉኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን የምጠይቀው ይጨምር ነበር። ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን ወይም ዶክሳዞሲን የሚወስድ፣ ግፊቱ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል በ25 ይጀምራል። በኤች አይ ቪ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ላይ ሆኖ ሪቶናቪር ያለበትን መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ በ48 ሰዓት ከ25 ሚሊ ግራም አያልፍም፤ ሪቶናቪር ሲልደናፊሉን ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚይዘው። ታዳላፊል እስከ 36 ሰዓት ይሠራል፤ ስለዚህ አደጋውም ረዘም ይላል።

በጥር የሰርግ ሰሞን ይህንኑ ክኒን ፍለጋ የሚመጡት ደግሞ የሃያ ምናምን ዓመት ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት ሳይሆን የመጀመሪያ ሌሊት ፍርሃት እንደማንኛውም ፍርሃት እንደሚያልፍ የሚነግራቸው ታላቅ ወንድም ነው። አንዴ በክኒን የጀመረ ልጅ ያለ ክኒን አልችልም ብሎ ያምናል፤ ያኔ ሥራው ይከብዳል። ከውጭ የሚገቡ «የወንድ ማር» የሚባሉ ከረጢቶችም ይመጣሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ማሮች ውስጥ ሳይገለጽ የተደባለቀ ሲልደናፊልና ታዳላፊል አግኝቶ አስጠንቅቋል። ናይትሬት የሚወስድ ሰው ማር በላሁ ብሎ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው።

ሁለት ፍሬ የቀሩበትን ቅጠል አሽጌ፣ የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያውን ቢጫ ቅጽ ሞልቼ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ልኬያለሁ። በ8482 በነጻ መደወልም ይቻላል፤ ለዚህ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

የሐምሌው ዕለት ልንለያይ ስንል ጥያቄ የጠየቁኝ ባለቤታቸው ናቸው። «ያን ማታ ደረቱን ቢይዘውስ? እሱ ይደበቃል፤ እኔ ምን ልበል?» አሉ። ወዲያው ያቁም፣ ይቀመጥ፣ ምላሱ ሥር ምንም አታድርጉለት፣ ሆስፒታል ስትደርሱ ከሁሉ በፊት ክኒኑን ተናገሩ አልኳቸው። ማንበብ ስለማይችሉ፣ ለሚቀበላቸው ባለሙያ የሚሰጡት ወረቀት ጻፍኩላቸው፦ «ይህ ታካሚ ሲልደናፊል 25 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ከወሰደ 24 ሰዓት ሳይሞላው ናይትሬት አይሰጠው።» አራት ቦታ አጥፈው መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

በኅዳር ለክትትል መጡ። ግፊቱ 128 በ80፣ በባዶ ሆድ ስኳሩ 124። ሰውየው ክኒኑን በወር ሁለት ሦስት ጊዜ እንደሚወስዱ፣ ራስ ምታቱም እየቀለለ እንደሄደ ነገሩኝ። ባልና ሚስቱ ማንነታቸውን የሚያሳውቀው ነገር እስከተለወጠ ድረስ ታሪኩን እንድጽፍ የፈቀዱት ያን ዕለት ነው። ሊወጡ ሲሉ ባለቤታቸው መቀነታቸውን ፈቱ። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ተቆራርጦ አራት ቦታ ሊሆን ደርሷል።

«ይኸ አለቀ፤ ሌላ ጻፍልኝ» አሉ። በወፍራም ካርቶን ላይ፣ ፊደሉን ከፍ አድርጌ ጻፍኩላቸው።